ለጫካ የሚሆን ቢላ አመራረጥ፤ ከእጀታው ጀምሩ

የመጀመሪያው የጫካ ቢላዬ ሲያዩት ልብ ይሰርቅ ነበር። ጀርባው መጋዝ ነው። እጀታው ክፍት ቱቦ ሆኖ ውስጡ ክብሪት፣ መርፌ፣ ክርና የዓሣ መንጠቆ ይዟል። የቱቦው ክዳን ላይ ደግሞ ኮምፓስ አለ። ኮምፓሱ ሰሜንን በየደቂቃው ይቀያይር ነበር፤ ያኔ እንኳ አልነቃሁም። በሁለተኛው ቀን ክንድ የሚያህል ደረቅ እንጨት ለመፍለጥ ቢላውን እንጨቱ አናት ላይ አስቀመጥኩና ጀርባውን በዱላ መታሁት። አራተኛው ምት ላይ "ቀጭ" አለ። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። እኔ እጅ ላይ የቀሩት ቱቦው፣ ኮምፓሱና መርፌው ናቸው።

ስብራቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ብረቱ ወደ እጀታው የገባው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ የያዘው አንድ ብሎን ነበር። ስገዛው ግን ያየሁት የመጋዙን ጥርስና ጥቁር ቀለሙን ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ዓይናችን ቀድሞ ስለቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ብራንዱ፣ ከዚያ የብረቱ ስም ይመጣል። እጀታው የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ከታየ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ የምመርጠው ገልብጬ ነው። ከእጀታው ጀምሬ ወደ ጫፉ እሄዳለሁ። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ጻፉ

ቢላ ከማየታችሁ በፊት ቢላው እንዲሠራላችሁ የምትፈልጉትን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ቀልድ አይደለም፣ ጻፉት። ብዙ ሰው የሚጽፈው ተመሳሳይ ነው፦ ገመድ መቁረጥ፣ ለእሳት ጭራሮ መሰንጠቅ፣ የድንኳን ካስማ ማሾል፣ ዓሣ ማጽዳት፣ ምግብ መክተፍ፣ ሰው ከተጎዳ ልብሱን ቀዶ ቁስሉን መግለጥ። አብዛኞቹ ጉልበት ሳይሆን ጥንቃቄ የሚፈልጉ ትንንሽ ሥራዎች ናቸው።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውንም እዩ። ዛፍ መጣል የለም፤ እሱ የመጥረቢያና የመጋዝ ሥራ ነው። ድንጋይ መፈንቀል የለም። መወርወር የለም። ከአውሬ ጋር ግብግብ መግጠምም የለም። ብዙ ሰው ከባድ ቢላ ተሸክሞ የሚዞረው ወረቀቱ ላይ ላልጻፈው ሥራ ነው።

2. የሚታጠፍ ወይስ የማይታጠፍ?

አንድ ቢላ ብቻ የምትይዙ ከሆነ የማይታጠፍ ይሁን። ሰንጢ ደካማ ቦታው መታጠፊያው ነው። አሸዋ ይገባዋል፣ ይላላል፤ ሲብስ ደግሞ ጫን ሲሉት በራሱ ታጥፎ ጣት ላይ ያርፋል። መቆለፊያ ቢኖረውም መቆለፊያው ያው አንዲት ትንሽ ብረት ናት። እጅ በብርድ ሲደነዝዝ ለመክፈትም ጣጣ ነው።

ሰንጢን ማጣጣሌ አይደለም። እንደ ፈረንሳዩ ኦፒኔል ያለ፣ አንገቱ ላይ በሚዞር ቀለበት የሚቆለፍ ሰንጢ ኪስ ውስጥ በተጠባባቂነት ቢኖር ደስ ይለኛል። ዋናው ግን እሱ አይሁን።

3. ጭራውን ፈልጉ

ከብረቱ ቀጥሎ እጀታው ውስጥ የሚገባ ክፍል አለ። እኔ "ጭራ" እለዋለሁ። የእኔን ቢላ ጉድ ያደረገው ይሄ ክፍል ነው። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

አንደኛው ሙሉ ጭራ ነው። ብረቱ ሳይቋረጥ እስከ እጀታው መጨረሻ ይሄዳል፤ ስፋቱም የእጀታውን ያህል ነው። እንጨቱ ወይም ፕላስቲኩ ግራና ቀኝ ተለብጦ በሪቬት ወይም በብሎን ይታሰራል። ይሄኛው ለማወቅ አያስቸግርም። ቢላውን ከጀርባው በኩል ስታዩት በሁለቱ ልባጦች መካከል የብረት መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። እጀታው ቢሰነጠቅ እንኳ ብረቱ ላይ ገመድ ጠምጥማችሁ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ።

ሁለተኛው እየቀጠነ የሚሄድ የተደበቀ ጭራ ነው። እጀታው በአራቱም በኩል ይሸፍነዋል። በብርድ አገር ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ቀዝቃዛ ብረት እጅ አይነካም። በደንብ ከተሠራ ደካማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ለአሜሪካ የባሕር ወለድ (ማሪን) ወታደሮች የተመረጠው ካ-ባር የሚባለው ቢላ ጭራው ቀጭንና የተደበቀ ነው፤ ግን ጦርነት ውሎ የተመሰከረለት ቢላ ነው። ስለዚህ "ሙሉ ጭራ ካልሆነ አልነካም" የሚለውን ወሬ ሙሉ በሙሉ አትቀበሉት። ችግሩ ሌላ ነው፤ የተደበቀ ጭራ ርዝመቱ አይታይም።

ሦስተኛው አጭር ጭራ ነው። የእጀታው መጨረሻ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። በስዊድን የሚሠራው ሞራ ኮምፓኒየን ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም፤ ለመቅረጽና ለመቁረጥ ግን ድንቅ ቢላ ነው። እኔ እሱን ይዤ እንጨት በኃይል አልፈልጥም። ያው ፋብሪካ ሙሉ ጭራ ያለው ጋርበርግ የሚባል ቢላም ይሠራል። ሥራችሁ ፍለጣ የሚበዛበት ከሆነ እሱን እዩ።

የተደበቀውን ጭራ ለማወቅ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ትንሽ ማግኔት ያዙ። ከብረቱ ሥር ጀምራችሁ በእጀታው ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱት። መሳቡን ያቆመበት ቦታ ብረቱ ያለቀበት ነው። እጀታው በጣም ወፍራም ከሆነ ወይም ውስጡ ሌላ ብሎን ካለ ሊሸውዳችሁ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ከሻጩ ወሬ ይሻላል።

ክፍት ቱቦ እጀታ ላይ ብዙ አልጨምርም። ክብሪቱን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

4. እጀታውን ጨብጡት

ቢላ የሚመረጠው በእጅ ነው። ቢቻል ሳትጨብጡ አትግዙ።

መጀመሪያ መዶሻ እንደምትይዙ ጨብጡት። አራቱ ጣቶች ሳይጨናነቁ ገብተው ከኋላ ትንሽ መትረፍ አለበት። ለአማካይ እጅ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ቀጥሎ አውራ ጣታችሁን ጀርባው ላይ አሳርፉ። ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አዙራችሁ ያዙት። በሦስቱም አያያዝ ምቾት ካልሰጣችሁ ተዉት።

አሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ከዚያ መዳፋችሁን ክፈቱና እዩት። የቀላ መስመር ወይም የጠለቀ ምልክት ካለ ልብ በሉ። በአንድ ደቂቃ መዳፍ ያቀላ ጠርዝ በአንድ ሰዓት ውኃ ያስቋጥራል። እኔ ሁለት የሚያማምሩ ቢላዎችን በዚህ ፈተና ብቻ ጥያቸው ወጥቻለሁ።

ዓይናችሁንም ጨፍናችሁ ሞክሩት። እጃችሁ ውስጥ አዟዙሩትና ሳታዩ ስለቱ በየት በኩል እንዳለ ተናገሩ። እጀታው ሞላላ ከሆነ እጅ ወዲያው ያውቃል። ድብልብል ከሆነ አያውቅም፤ በሥራ መካከልም ይሽከረከራል። ጨለማ ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለየጣቱ ጎድጎድ ብሎ የተቀረጸ እጀታ ሲያዩት የታሰበበት ይመስላል። ግን የተቀረጸው ለሌላ ሰው ጣት ነው። አያያዝ ስትቀይሩም ጉብታዎቹ ይወጓችኋል። ለስለስ ያለ፣ መሐሉ ትንሽ የወፈረ፣ ከፊት ጣት ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚያግድ ጉብታ ያለው ይበቃል። ግራና ቀኝ ቀንድ የመሰለ መከላከያ ያለው የጩቤ ዓይነት ግን አውራ ጣትን ስለሚያግድ ለእንጨት ሥራ አይመችም።

የእጀታው ቁስ? እንጨት ሞቅ ያለና ለእጅ የሚስማማ ነው፤ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አልፎ አልፎ ዘይት ይፈልጋል። ላስቲክ በእርጥብ እጅ አይንሸራተትም። ግን ዲት የሚባለው የትንኝ መከላከያ ቅባት አንዳንድ ፕላስቲክና ላስቲክ ያሟሟል፤ እጃችሁን ሳታብሱ አትያዙት። ማይካርታ የሚባለው ጨርቅ በሙጫ ተደራርቦ የተጨመቀ ነው። ጂ-10 ደግሞ በጨርቅ ፋንታ የመስታወት ክር ያለበት ነው። ሁለቱም ውኃም ብርድም አይበግራቸውም። ለጫካ ምረጥ ብትሉኝ ያልተወለወለ ማይካርታ እላለሁ፤ ሲረጥብ እጅ ይይዛል።

5. ርዝመትና ውፍረት

እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች፣ በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ፣ በረዶ ውስጥ የቆየ የሰው አስከሬን ተገኘ። ኦትዚ ይሉታል። ከ5 ሺህ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። ተራራ ለተራራ ሲዞር የያዘው ቢላ ከባልጩት የተሠራ ሲሆን እጀታው እንጨት ነው፤ ከዛፍ ልጥ የተሠራ አፎትም ነበረው። የቢላው ጠቅላላ ርዝመት፣ እጀታው ጭምር፣ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠራበት ከመዳብ የተሠራ መጥረቢያ ለብቻው ይዞ ነበር። ሥራን ከፋፍሎ መያዝ ማለት ይሄ ነው።

ዛሬም ልኩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። የብረቱ ርዝመት ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። ፋልክኒቨን ኤፍ-1 የሚባለው ቢላ እ.ኤ.አ. በ1995 ለስዊድን አየር ኃይል አብራሪዎች የመዳኛ ቢላ ሆኖ የተመረጠ ነው። ብረቱ 97 ሚሊ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ወድቆ ጫካ ውስጥ ብቻውን ለሚቀር ሰው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ብረት በቂ ነው ከተባለ፣ ለሁለት ቀን ካምፕ የክንድ ያህል ጎራዴ ምን ያደርግልናል?

ርዝመት የሚያስፈልገው እንጨት ለመፍለጥ ነው። ቢላው ከእንጨቱ ውፍረት ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ በዱላ የምትመቱት ያንን የሚተርፈውን ጫፍ ነውና። የ11 ሴንቲ ሜትር ቢላ የ7 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይፈልጣል። ለማገዶ ከዚያ በላይ ብዙም አያስፈልግም።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ የቀጠነ ቢላ ሲቆርጥ ግሩም ነው፣ ሲመታ ግን ያሳስባል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ደግሞ ካሮት እንኳ አይከትፍም፤ ይሰነጥቀዋል።

6. ጫፍና ጀርባ

ጫፉ ከጀርባ ቀስ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ይሁን። ጠንካራ ነው፣ ለመቆጣጠርም ይቀላል። በጣም የሾለና የቀጠነ ጫፍ እንጨት ላይ ሲተከል ይሰበራል።

ስለቱ ከእጀታው አጠገብ ጥርስ ጥርስ ያለው ከሆነ እለፉት። ገመድ ይቆርጣል፤ እውነት ነው። ግን እንጨት ስትቀርጹ ጉልበታችሁ የሚያርፈው እዚያው ከእጀታው አጠገብ ነው። ያን ቦታ ለጥርስ አሳልፎ መስጠት ኪሳራ ነው። ጫካ ውስጥ ለመሳልም አይመችም። የጀርባ መጋዝማ ሥራው እጅ መቧጠጥ ብቻ ነው። በተጨማሪ ጀርባውን በዱላ መምታትም አይመችም፤ ጥርሱ ዱላውን ይበላዋል።

ጀርባው ላይ የምትፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተድበለበለ ጠርዝ። ፌሮ ሮድ የሚባለውን የእሳት መጫሪያ ዘንግ የምትጭሩት በዚህ ነው። ከዘንጉ የሚረግፈው ፍንጣሪ 3 ሺህ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጠርዙ ዶልዶም ካለ አይፋቅም፣ አይረግፍምም። መሞከሪያው ቀላል ነው። የጀርባውን ጠርዝ አውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ፋቅ አድርጉ። ነጭ ዱቄት ካነሳ ይሠራል። ተንሸራቶ ካለፈ አይሠራም። ጀርባው በጥቁር ቀለም ከተሸፈነም ከጫፉ አካባቢ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በሞረድ መግፈፍ ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለታሙን ጎን ለእሳት መጫሪያ አትጠቀሙበት። በአንድ ምሽት ዱልዱም ታደርጉታላችሁ።

7. ስለቱ እንዴት ወረደ?

ብረቱን ከፊት ለፊት፣ ከጫፉ በኩል እዩት። ከጀርባው ወፍራም ሆኖ ወደ ስለቱ እየቀጠነ የሚወርድበት መንገድ ይለያያል።

ስካንዲ የሚባለው ብረቱ እስከ ግማሽ እኩል ወፍራም ሆኖ ከዚያ በአንድ ሰፊ ተዳፋት ቀጥ ብሎ ወደ ስለቱ የሚወርድ ነው። እንጨት ለመቅረጽ ተወዳዳሪ የለውም። ለመሳልም ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ መግፋት ነው፣ ማዕዘኑ ራሱ ይመራችኋል። ሁለተኛው ከጀርባ እስከ ስለት ድረስ ዝርግ ሆኖ የሚቀጥን፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሁለተኛ ተዳፋት ያለው ነው። ለምግብም ለእንጨትም መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ጎኑ እንደ ሆድ ትንሽ ነፋ ያለ ነው፤ ለፍለጣ ጠንካራ ነው፣ መሳሉ ግን ልምድ ይፈልጋል። ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ስለቱ ቀጭን ስለሆነ ለጫካ አልመክረውም።

የመጀመሪያ ቢላችሁ ከሆነ ስካንዲ ወይም ዝርግ ይሁን።

8. የብረቱ ዓይነት

ይሄን መጨረሻ አካባቢ ያመጣሁት አውቄ ነው። ሰዎች ስለ ብረት ስም ሲከራከሩ ያድራሉ። እጀታው እጃችሁን የሚልጥ ከሆነ ግን የትኛውም ብረት አይክሳችሁም።

ምርጫው በሁለት ይከፈላል። የካርበን ብረት ቶሎ ይሳላል፣ ጠንካራና ምት የሚችል ነው፣ ግን ይዝጋል። 1095 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርበኑን መጠን ነው የሚነግሩት፤ 0.95 በመቶ ገደማ ማለት ነው። 1075 ከሆነ 0.75 ገደማ። ካርበኑ ሲጨምር ስለት መያዙ ይጨምራል፣ ምት መቻሉ ይቀንሳል።

የማይዝገው ብረት ደግሞ ክሮሚየም አለበት፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ። "የማይዝግ" ስንል ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም። ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ብትተዉት ነጠብጣብ ያወጣል። 12ሲ27፣ 420ኤችሲ፣ ቪጂ-10 የሚሉት ስሞች ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ናቸው።

የቱን? ባሕር ዳርቻ፣ ዝናብ የሚበዛበት ወይም እርጥብ ጫካ ከሆነ፣ ወይም እንደ እኔ ቢላ መወልወል የምትረሱ ከሆነ፣ የማይዝገውን ውሰዱ። ደረቅ አካባቢ ከሆናችሁና መንከባከብ ከወደዳችሁ ካርበኑ ደስ ይላል።

ጥንካሬው በሮክዌል ሚዛን ከ56 እስከ 60 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ቶሎ ይደንዛል፤ በጣም ካለፈ ደግሞ ምት ላይ ይቆረሳል። አምራቹ ቁጥሩን ካልጻፈና የብረቱን ስም ካልጠቀሰ ተጠራጠሩ። "ሰርጂካል ስቲል" (የቀዶ ሕክምና ብረት) ወይም ዝም ብሎ "ስቴንለስ" የሚል ማኅተም ምንም አይነግራችሁም። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ቢላም ሞልቷል፤ ኮፒው ከውጪ ዋናውን ይመስላል፣ ብረቱ እንዲጠነክር በሙቀት የተሠራው ሥራ ግን አይታይም። ቢላን ቢላ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው።

9. አፎቱ

አፎት ሲገዙት እንደ መጠቅለያ ይቆጠራል። ግን ቀኑን ሙሉ ወገባችሁ ላይ የሚውለው እሱ ነው። ቢላውን ከቱት፣ ገልብጡት፣ ነቅነቅ አድርጉት። ከወደቀ አይሆንም። በአንድ እጅ ማውጣትና መመለስ መቻል አለባችሁ። ታችኛው ጫፍ ላይ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ቢኖር ጥሩ ነው።

ቆዳ ድምፅ አያሰማም፣ ያምራል፤ ግን እርጥበት ይይዛል። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውኃ አይመጥም፤ አሸዋ ከገባበት ግን ብረቱን ይጭረዋል። ስስ ጨርቅ የሆነውን አትውሰዱ። ስትወድቁ ስለቱ አፎቱን በስቶ ጭናችሁ ላይ ሊወጣ ይችላል።

10. ከመክፈላችሁ በፊት

ቢላውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በጀርባው ላይ እዩ፤ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጠምዘዝ ብሏል? በግራና በቀኝ ያለው ተዳፋት ስፋቱ እኩል ነው? ልባጡና ብረቱ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ? ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ያዙት። የተሳለ ስለት አያብረቀርቅም፤ አብረቅራቂ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ቦታ ደንዟል ወይም ተቆርሷል። ለመሳል ይቻላልና ይሄ ብቻውን ቢላውን አያስጥልም። ጠማማነት ግን ያስጥላል።

በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ከጀርባው በኩል የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። መመለስ መቻሉንም አረጋግጡ።

ሕጉንም ቀድማችሁ እዩ። ቢላ ይዞ መንቀሳቀስ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ በእንግሊዝ ያለ ምክንያት ይዞ መሄድ የሚቻለው የማይቆለፍና ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ሰንጢ ብቻ ነው። በአውሮፕላን ስትሄዱ ደግሞ ቢላው ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁት ይቀማል።

11. ጫካ ሳትገቡ ቤት ሞክሩት

አዲስ ቢላ መጀመሪያ የሚፈተነው ሌላ ቢላ በአጠገባችሁ ባለበት ቦታ ነው። የእኔ ስህተት አንዱ ይሄ ነበር።

ሦስት ነገር ሥሩበት። የመጀመሪያው፣ ደረቅ እንጨት እንደ ላባ እየላጣችሁ ሳይቆረጥ የተጠቀለለ ስስ ፍቅፋቂ አውጡ። ሳያስቸግር ከወጣ ስለቱ ጥሩ ነው። ሁለተኛው፣ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ዓይን (ቋጠሮ) የሌለው እንጨት በዱላ እየመታችሁ ፍለጡ። ዱላው እንጨት ይሁን፤ ድንጋይ ወይም መዶሻ አይሁን። ቢላውን አትጠምዝዙት፣ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ከዚያ ስለቱን እዩ፤ ተቆርሷል? ተጣጥፏል? እጀታው ተነቃንቋል? ሦስተኛው፣ በጀርባው እሳት ጫሩ።

ስትቀርጹ ተቀመጡና ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፤ ወይም ወደ ጎን ዞራችሁ ቅረጹ። ጭናችሁ መካከል አትቅረጹ። የጭን ውስጠኛው ክፍል ትልቅ የደም ሥር ያለበት ነው፤ እዚያ የገባ ቢላ ደቂቃ አይሰጥም።

ከዚያ ሆን ብላችሁ እስኪደንዝ ተጠቀሙበትና ራሳችሁ ሳሉት። መሳል የማትችሉት ቢላ ዕድሜው አንድ ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሮን ራልስተን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ገደል ውስጥ ቀኝ እጁ በቋጥኝ ተይዞ ከአምስት ቀን በላይ ቆየ። የያዘው ርካሽ ባለብዙ መሣሪያ ሰንጢ ነበር። በመጀመሪያ ድንጋዩን ሊሸርፍበት ሞከረ፤ ስለቱ ይብሱን ደነዘ። በመጨረሻ የገዛ እጁን የቆረጠው በዚያው ሰንጢ ዱልዱም ስለት ነው፤ አጥንቱን ቀድሞ በራሱ ጉልበት ሰብሮ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ተነስቼ ቢላዬን አያለሁ።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ሁለት ገጽ ያለው ድንጋይ ያዙ፤ ሻካራው 400 ቁጥር ለተቆረሰ፣ ለስላሳው 1000 ቁጥር ለወትሮ። ድንጋዩን አርጥቡት። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ያ 90 ዲግሪ ነው። ግማሹን ዘንበል ስታደርጉት 45፣ እንደገና ግማሹን ስታደርጉት 22 ገደማ። ለዝርግ ቢላ የምትፈልጉት ያንን አካባቢ ነው። ከሥሩ ወደ ጫፉ፣ ድንጋዩን ስስ አድርጋችሁ እንደምትልጡት ግፉት። በሌላኛው ጎን በአውራ ጣት ስትዳስሱት ሸካራ የሆነ ቀጭን ጠርዝ ከተሰማችሁ በዚያ ጎን በቅቷል፤ አዙሩና ሁለተኛውን ጎን ሥሩ። መጨረሻ ላይ በየተራ አንድ አንድ ጊዜ በቀስታ እያደረጋችሁ ያንን ጠርዝ አስወግዱት። የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተታችሁ ብታሹት ደግሞ ወረቀት ስትቆርጡበት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ድንጋይ ከሌላችሁ የሸክላ ሲኒ ገልብጡ። ሥሩ ላይ መስታወት የመሰለው ሽፋን የሌለበት ሸካራ ቀለበት አለ። ከሞረድ ባይተካከልም ምግብ መክተፍ እስኪችል ይስለዋል። በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ድንጋይ ግን ያለ ውኃ አትሳሉት። ስለቱ ከግለት የተነሳ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያንን ክፍል ፈግፍጋችሁ ከማውጣት በቀር መፍትሔ የለውም። በተመሳሳይ ምክንያት ቢላ ፍም መቆስቆሻ አይደለም።

የካርበን ቢላ ከሆነ ከሥራ በኋላ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የማሽን ሳይሆን ለምግብ የሚሆን የማዕድን ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በጊዜ ብዛት ግራጫ ይሆናል፤ እሱ ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ብረቱን ይጠብቀዋል። ቀይ ሲሆን ነው የምትደነግጡት። ቤት ስታስቀምጡት ደግሞ ከቆዳ አፎቱ አውጡት። ቆዳው የያዘው እርጥበት ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ሲበላው ያድራል። አፎቱን አንድ መስቀያ ላይ፣ ቢላውን ልጆች የማይደርሱበት ደረቅ መሳቢያ ውስጥ።